ያረጀች ድመት ጤና አያያዝ፦ ለጅማና አካባቢዋ አሳዳጊዎች

ጅማ ውስጥ ድመት የሚያሳድግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድጋት ለአይጥ ብሎ ነው። በቆሎ፣ ጤፍ ወይም ቡና በጆንያ የሚቀመጥበት ቤት ያለ ድመት አይኖርም፤ ድመቷም አይጥ መያዝ ስትተው «አረጀች» ትባላለች። ከዚያ ወዲያ የሚደርስባት ሁሉ፣ መክሳቷም፣ ሲያስመልሳት መዋሉም፣ ውኃ ላይ መጣዷም በእርጅና ይሳበባል። ይሁን እንጂ እርጅና በራሱ ድመትን አያከሳም። በአረጋውያን ድመቶች ላይ የምናያቸው ለውጦች አብዛኞቹ ስም ያላቸው በሽታዎች ምልክት ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ፈጽሞ የማይድኑት እንኳ በምግብ፣ በውኃ፣ በመድኃኒትና በቤት አያያዝ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ሊገቱ ይችላሉ።

የእንስሳት ሐኪሞች ድመትን ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ጎልማሳ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ አረጋዊት ይሏታል፤ የ15 ዓመት ድመት በሰው ዕድሜ ሲሰላ ወደ 76 ዓመት ትጠጋለች። የድመቱን የልደት ዓመት የሚያውቅ ቤት ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ድመቷ የመጣችው ከየትኛው ልጅ ልደት በፊት ወይም ወደ የትኛው ሰፈር በተዛወራችሁበት ዓመት እንደሆነ ቤተሰቡን ቢጠይቁ ግምቱ ከአንድ ዓመት በላይ አይስትም። ቢያንስ 10 ዓመት ሞልቷታል ብለው ካመኑ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ለእርሷ እንደተጻፈ ይቁጠሩት።

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ኩላሊቷ ተጎድቶም በፀሐይ ላይ ተንጋልላ ትተኛለች፤ ጥርሷ እየመገለም ሳሕኗ ሲቀርብ ትነሣለች። በየቀኑ የሚያያት ሰውም ቀስ በቀስ የሚመጣውን ለውጥ አያስተውለውም። በዚህ ምክንያት የዚህ መመሪያ መሠረት ዐይን ሳይሆን ሚዛንና የውኃ መለኪያ ነው።

ሚዛን እና ውኃ

ድመቷን በወር አንድ ጊዜ ይመዝኑ። ሰው የሚቆምበት ሚዛን ላይ ድመቷን ታቅፎ ቆሞ፣ ከዚያም ብቻውን ቆሞ ልዩነቱን መቀነስ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሚዛን ጥቂት መቶ ግራሞችን በትክክል ስለማይለይ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። በየሰፈሩ ሱቅ ስኳርና ቡና የሚመዘንበት ዲጂታል ሚዛን ይሻላል። ድመቷን ክዳን ባለው ካርቶን ውስጥ አድርገው ይመዝኑ፤ ከዚያ ባዶውን ካርቶን ይመዝኑና ይቀንሱ። ባለሱቁ መጀመሪያ ይስቅ ይሆናል፤ በሦስተኛው ወር ግን «ስንት ሆነች?» ብሎ የሚጠይቀው እርሱ ይሆናል። ቁጥሩን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉት። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 400 ግራም ቀነሰች ማለት ከሰውነቷ አንድ ዐሥረኛው ሄደ ማለት ነው፤ ይህም 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ኪሎ እንደመቀነስ ይቆጠራል። ምንም ሌላ ምልክት ባይኖር እንኳ ይህ ብቻውን ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።

በሁለቱ ምዘናዎች መካከል እጅዎን ከትከሻዋ እስከ ጅራቷ ሥር በጀርባዋ ላይ ያሳልፉ። ጠጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ድመት ከሩቅ ሞላ ያለች ትመስላለች፤ የጀርባ አጥንቷ ግን ከእጅዎ ሥር እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ፣ የጭኗም ሥጋ ከዳሌዋ አጥንት ግራና ቀኝ ጎድጎድ ብሎ ከገባ ጡንቻዋ እየሟሸሸ ነው። ሆዷ ትልቅ ሆኖ ጀርባዋ የከሳም አለች፤ እንዲህ ያለችውን «ወፍራም ናት» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ውኃውን ለመለካት ድመቷ ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት ከቤት እንዳትወጣ ያድርጉ። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ስለሆነች ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርደውን ውኃ፣ በግቢ ያለውን ኩሬና ከጀሪካን ሥር የሚንጠባጠበውን የምትጠጣ ድመት ምን ያህል እንደጠጣች ማወቅ አይቻልም። ግማሽ ሊትር ውኃ በሳሕን አድርገው ይስጧት፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ሲሪንጅ ይለኩ። ጤነኛ ድመት ከምግብም ከመጠጥም የምታገኘው ውኃ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ሥጋና መረቅ የምትበላ ከሆነ ከሳሕኑ የምትጠጣው ከዚህ እጅግ ያነሰ ይሆናል። በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ማለትም 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ400 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች ነገሩ በሽታ ነው ብሎ መነሣት ይገባል። ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ካለፈው ልኬት እጥፍ ከሆነ ያው ነው።

ብዙ ውኃ የሚያስጠጡትና የሚያከሱት በሽታዎች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩም ይመሳሰላሉ። የኩላሊት ድካም ያለባት ድመት ብዙ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሸናለች፣ ምግብ ግን እየተጸየፈች ትሄዳለች፤ አፏ ይሸታል፣ ጠጉሯም ይጨፈረራል። የስኳር በሽታ ያለባት እየበላች ትከሳለች፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ወፍራም የነበረች ናት፤ በሽታው ሲገፋም የኋላ እግሯን ከተረከዟ ጀምሮ መሬት ላይ አሳርፋ ትራመዳለች። የታይሮይድ ዕጢዋ ከልክ በላይ የሚሠራባት ደግሞ ሳሕኑን ጠራርጋ ጨርሳ ትጨምራለች፣ ዕረፍት የላትም፣ በሌሊት ትጮኻለች፣ ያስመልሳታል፤ ደረቷ ላይ እጅ ሲቀመጥ የልቧ ምት ለመቁጠር እስኪያስቸግር ይፈጥናል። ይህችኛዋ እየበላች ስለሆነ ቤተሰቡ ደህና ናት ብሎ የሚዘናጋባት ናት።

ሦስቱን መለየት የሚቻለው በደምና በሽንት ምርመራ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፦ ክሬአቲኒን የሚባለው የኩላሊት የደም መለኪያ ከፍ የሚለው ከኩላሊት ዐቅም ሦስት አራተኛ ያህሉ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ሽንት የመቅጠን ምልክት የሚያሳየው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ደሟ ብቻ ተመርምሮ «ኩላሊቷ ደህና ነው» ከተባለ ሽንቷ ምን ያህል እንደቀጠነም በመለኪያ እንዲታይ ይጠይቁ።

ምግብ

በጅማ ቤቶች ለድመት የሚሰጠው የወጥ ትራፊ፣ ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባ፣ አልፎ አልፎ ጉበት፣ ወተትና በወጥ የራሰ እንጀራ ነው። ለወጣት ድመት ይህ በአይጥ እየተሟላ ያኖራታል፤ አደኑ ሲቀር ግን ጉድለቱ ይገለጣል።

መጀመሪያ የሚቀረው ወጡ ነው። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ፣ ቢበስሉም ቢደርቁም፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። አንድ ቀን ብትልስ አትሞትም፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ደሟ እያነሰ ይሄዳል፣ ድካሟም በእርጅና ይሳበባል። ሥጋውን ከወጡ አውጥቶ በውኃ ማጠብም ከልብ አያድንም፤ የድመቷ ድርሻ ሽንኩርትና ጨው ሳይገባ ተቀንሶ ለብቻው ይቀቀል። ጉበትም ልክ አለው፦ ዋና ምግቧ ጉበት የሆነ ድመት ቫይታሚን ኤ በሰውነቷ ተከማችቶ የአንገቷና የጀርባዋ አጥንቶች እየተያያዙ ይደርቃሉ፤ አንገቷንም ማዞር ያቅታታል። በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። ወተት አብዛኞቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል፤ ለአሮጊት ድመት ደግሞ ተቅማጥ ማለት ውኃ ማጣት ነው።

የጾም ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን በሰውነቷ ማዘጋጀት አትችልም፤ የሚገኘውም ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ሲጎድል ልቧ ይደክማል፣ የዐይኗም ብርሃን ይጠፋል። ጉዳቱ በወራት የሚመጣ ቢሆንም፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም፣ ከዚያም ሌሎቹን አጽዋማት ከቤተሰቡ ጋር በሽሮ የምታሳልፍ አረጋዊት ድመት በዓመቱ ውስጥ የምታገኘው ሥጋ ጥቂት ነው። ጾሙ የሰው እንጂ የድመት አይደለምና፣ በጾም ወራትም ክፍት ከሆኑት የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ልብ፣ ሳንባና ቁርጥራጭ ሥጋ ገዝቶ በትንንሽ ድርሻ መቀቀል ይቻላል። ልብ በታውሪን ሀብታም ነው። ታውሪን ሲቀቀል ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁ አይደፋ፤ ከሥጋው ጋር ይሰጣት፣ ውኃም ይጨምርላታል። በረመዳን ደግሞ የቤቱ የምግብ ሰዓት ወደ ምሽትና ሌሊት ሲዞር የድመቷም አብሮ ይዞራል፤ ኢንሱሊን የምትወጋ ድመት ግን ሰዓቷ መዛባት የለበትም፣ መርፌውና ምግቡ በየ12 ሰዓቱ ባሉበት ይጽኑ።

ሥጋው ሁልጊዜ ይብሰል። ጥሬ ሥጋና የታመመ አይጥ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ተሐዋሲ ያስይዟታል፤ ይህም ለነፍሰ ጡር ሴት ያሰጋል። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች የድመቷን ዐይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ያውጣው፤ ተሐዋሲው ከወጣ በኋላ ለሰው የሚተላለፍ ለመሆን ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ ማጽዳቱ ራሱ መከላከያ ነው።

ኩላሊቷ መድከሙ በምርመራ ከታወቀ ፎስፈረስ የሚበዛበት ምግብ ይቀነሳል፦ አጥንት፣ ወተትና የሆድ ዕቃ ሥጋ ይቀርና ስብ ያልበዛበት ቅቅል ሥጋ፣ የእንቁላል ነጭና ትንሽ ሩዝ ይተካል። ይህ ለሳምንታት መሸጋገሪያ ነው፤ ለዘለቄታው የሚሆነውን፣ በተለይ ካልሲየምንና ታውሪንን እንዴት ማሟላት እንደሚቻል ሐኪሙ ይወስን። ኩላሊቷ ደህና ለሆነች አሮጊት ግን «አርጅታለች» ብሎ ሥጋ መቀነስ ጡንቻዋን ማሟሸሽ ነው።

ምግብ ከተወች ቀን አይቁጠሩ። ድመት ሁለትና ሦስት ቀን ምንም ሳትበላ ከቆየች፣ በተለይም ወፍራም ከሆነች፣ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ጎርፎ ጉበቷን ያሽመደምዳል፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው በሽታ ቢድን እንኳ ሁለተኛው ይገድላታል። መረቁን ለብ አድርገው ይስጧት፤ የማሽተት ኃይሏ ስለሚደክም የቀዘቀዘ ምግብ ለእርሷ ሽታ የለውም። አንድ ቀን ሙሉ እምቢ ካለች በማግስቱ ትታይ።

ጥርስ፣ መገጣጠሚያ፣ ጥፍር

የአፍ ሽታ የእርጅና ጠባይ አይደለም። ወደ ሳሕኑ ሮጣ ደርሳ አንዴ ነክሳ የምትመለስ፣ ራሷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ የምታኝክ፣ ጉርሻ ከአፏ የምትጥል ወይም ለሃጯ የሚንጠባጠብ ድመት ጥርሷን ታማለች። የላይኛውን ከንፈሯን በአውራ ጣት ወደ ላይ ሳብ አድርገው ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበትን መስመር ይመልከቱ፤ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ካለ ድዷ ተቆጥቷል። በቤት ውስጥ መፋቅ አይሞከርም። የተበላሸው ጥርስ በማደንዘዣ ሲነቀል ድመቷ ያለ ጥርስም ለስላሳ ምግብ እየበላች በደህና ትኖራለች።

ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸው ድመቶች አብዛኞቹ በራጅ ሲታዩ የመገጣጠሚያ ለውጥ አለባቸው፤ ሲያነክሱ ግን እምብዛም አይታዩም። ቁርጥማት ያለባት ድመት የምትናገረው በመተው ነው፦ መስኮቱ ላይ መውጣት ትተዋለች፣ አልጋው ላይ ከመዝለል በፊት ታመነታለች፣ ጀርባዋን መላስ ስለሚያቅታት ከወገቧ በኩል ጠጉሯ ይቋጠራል፣ የሽንት ሳፋው ጠርዝ ከፍ ሲልባት ምንጣፉ ላይ ትሸናለች። ይህን የመጨረሻውን እንደ ብልግና ቆጥሮ የሚመታት ሰው አለ፤ ዱላው ግን ሕመሟ ላይ ነው የሚያርፈው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በየቤቱ የማይጠፋው የጅማ በርጩማ በአልጋውና በመሬቱ መካከል ሲቀመጥ አንዱን ትልቅ ዝላይ ለሁለት ይከፍላል፤ መቀመጫው ስለሚያንሸራትት ጨርቅ ይታሰርበት። ለሽንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አጋድመው በቁመቱ ይክፈሉ፤ በአንድ በኩል ጠርዙን ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ድረስ ዝቅ አድርገው መግቢያ ይቁረጡላትና ስለቱን በእሳት አልስልሰው ያጥፉት። አሸዋ ወይም ከእንጨት ሥራ ቤት የሚገኝ ጥሩ ደረቅ ሰጋቱራ ይሙሉበት። የቡና ገለባ በከተማችን በነፃ የሚገኝ ቢሆንም አልመክረውም፤ ካፌይን አለበት፣ ሲርስ ይሻግታል፣ ድመቷም መዳፏን ስትልስ ትውጠዋለች። ከቀዝቃዛው የሲሚንቶ ወለል የሚያነሣ መኝታም ያስፈልጋታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች፣ እንዲሁም በክረምቱ ርጥበት ቁርጥማቱ ይብስባታል። ለማሞቅ ብሎ ከሰል በተዘጋ ክፍል ማንደድ ግን ለእርሷም ለቤተሰቡም አደጋ ነው።

ጥፍሯን በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ይዩ። አሮጊት ድመት ግንድ መቧጨር ስለምትተው ጥፍሯ ይወፍራል፣ ይጠማዘዛል፣ በመጨረሻም ዞሮ መዳፏ ውስጥ ይገባል። የጣቷን መዳፍ በቀስታ ሲጫኑ ጥፍሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በብርሃን ሲታይ ውስጡ ያለው ሮዝ የደም ሥር ነውና ከእርሱ ፈንጠር ብሎ ያለው ጫፍ ብቻ ይቆረጥ። የአውራ ጣቱ ጥፍር መሬት ስለማይነካ ብዙ ጊዜ ሥጋ ውስጥ የሚገባው እርሱ ነው።

ለቁርጥማቷም ሆነ ለትኩሳቷ የሰው ማስታገሻ በፍጹም አይስጡ። ፓራሲታሞል የድመት ጉበት ሊያስወግደው የማይችለው መድኃኒት ነው፤ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል አንዲት ድመት ሊገድል ይችላል። ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይቀየራል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ግማሽ ሰጥቻለሁ፣ ሩብ ሰጥቻለሁ ማለትም መጽናኛ አይሆንም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊቷንና ሆዷን ያጠፋሉ። ለድመት የሚሆን ማስታገሻ አለ፤ መጠኑን የሚያዝዘው ግን ክብደቷንና የኩላሊት ውጤቷን ያየ ሐኪም ብቻ ነው። ቁንጫዋን ለማጥፋትም ለከብት ወይም ለውሻ የተሠራ መድኃኒት አይቀቧት፤ በብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው ፐርሜትሪን ድመትን አንዘፍዝፎ ይገድላል። በማበጠሪያ አበጥሮ ቁንጫውን ሳሙና ባለበት ውኃ ውስጥ መጣል አድካሚ ነው፤ ለአሮጊት ግን ከሁሉ የተሻለ ነው። ጎረቤት የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ከሆነም ድመቷ ከቤት አትውጣ፤ አሮጊት ድመት የምትይዘው አይጥ የሚያመልጣት ሳይሆን መርዝ በልቶ የሚንገዳገደው ነው።

ወደ ሐኪም ሲኬድ

ከ10 ዓመት በላይ የሆናት ድመት ደህናም ብትመስል በየ6 ወሩ ትታይ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷም በእርጅና ምክንያት አይቋረጥ። በከተማችን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው። የአካባቢው የእንስሳት ሐኪሞች አብዛኛው ሥራቸው ከብት፣ በግና ፍየል ስለሆነ፣ ከመሄድዎ በፊት ድመት በየትኛው ቀን እንደሚታይና የደምና የሽንት ምርመራ እዚያው ይሠራ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ባጃጅ ላይ በእጅ ታቅፋ የሄደች ድመት በመጀመሪያው የክላክስ ድምፅ ትዘላለች፤ ቀዳዳ የተበጀለት ጠንካራ ካርቶን ወይም ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፈው ይውሰዷት። የክብደቷንና የውኃዋን መዝገብ፣ ምን እንደምትበላ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያስመልሳት በአንድ ገጽ ይጻፉ። አረማመዷንም በስልክ ይቅረጹት፤ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ማንከሷን ትደብቃለችና።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች አሉ። በአፏ የምትተነፍስ ድመት ወዲያውኑ ትወሰድ። ተኝታ ሳለች የደረቷን መነሣትና መውረድ ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከ30 በላይ ሆኖ በተደጋጋሚ ከተገኘ በልቧ ወይም በሳንባዋ በኩል ችግር አለ። ትናንት ስታይ የነበረች ዛሬ ከግድግዳ የምትላተም፣ የዐይኗ ብሌን በፀሐይም ጊዜ ሰፍቶ የቀረ ከሆነ የደም ግፊቷ ወጥቶ የዐይኗን መጋረጃ ከቦታው አላቅቆት ይሆናል፤ በዚያው ቀን መድኃኒት ካገኘች ብርሃኗ ሊመለስ የሚችልበት ዕድል አለ፣ ቢዘገይ ግን ዕድሉ እጅግ ይመነምናል። ገራም የነበረች ድመት በድንገት ሰው የምትናከስ፣ ለሃጯ የሚዝረበረብና መዋጥ የሚያቅታት ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና አይንኳት፤ ክፍሉን ዘግተው ሐኪም ይጥሩ፣ የተነከሰም ሰው ካለ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ።

በሌሊት የምትጮኽ አሮጊት መጀመሪያ ታይሮይዷ፣ የደም ግፊቷና ሕመሟ ይጣራ። እነዚህ ከሌሉ ጆሮዋ ደንቁሮ ወይም አእምሮዋ ደክሞ ቦታው ጠፍቷት ይሆናል፤ ትንሽ መብራት መተው፣ ሳሕኗንና ሳፋዋን ከቦታቸው አለማንቀሳቀስ ይረዳታል።

በመጨረሻ፣ በዚያው ቀን መቁጠሪያ ላይ ከክብደቷ ጎን ደህና የዋለችበትንና ያልዋለችበትን ቀን ምልክት ያድርጉ። ራሷ መብላት፣ ወደ ሳፋዋ መሄድና ጠጉሯን መላስ ከተዋት፣ መጥፎዎቹ ቀናት ከደህናዎቹ በልጠው ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ያለ ሥቃይ ስለማሳረፍ ሐኪሙን ያነጋግሩ። ገበያ ዳር ወይም ቡና ጫካ ውስጥ መጣል ማደን ያቃታትን በረኀብ መግደል ነው፤ በቤት ውስጥ በመርዝ መጨረስም እንዲሁ ጭካኔ ነው። ለዚህ የሚሆነው ማደንዘዣ በሁሉም ክሊኒክ በማንኛውም ቀን ላይገኝ ስለሚችል፣ ማን እንደሚሠራውና ወጪው ምን ያህል እንደሆነ ድመቷ ገና እየበላች ሳለ በመደበኛው የ6 ወር ጉብኝት ጊዜ ጠይቆ መመዝገብ ይበጃል።